በሰው ጉሮሮ አትቀልዱ



ዛሬ የምጽፈው አንዳንዶቻችሁን፣ በተለይም ወጣቶችን፣ ያስከፋ ይሆናል። ክሱን ከራሴ ስለምጀምር ግን እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እዚህ ሂርና የመዘምራን ልምምድ አልቆ ልጆቹ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተሰብስበው ይስቃሉ። ሳቁ ከጸሎት ቤቱ አጥር ውጭ ይሰማል። ጠጋ ብዬ አየሁ። አንድ ታዋቂ ፖለቲከኛ በቴሌቪዥን ያደረጉት ንግግር ነው፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ለጉዳያችንም አያስፈልግም። ቃላቱ የራሳቸው ናቸው፤ አንድም ቃል አልተጨመረም። ድምፃቸው ግን መጀመሪያ እንደ ሕፃን ቀጠነ። ቀጥሎ በዜማ ተቃኝቶ ዘፈን መሰለ። በመጨረሻ እየተጎተተ፣ እየተንጠባጠበ፣ ምላሱ የተያያዘበት ሰው ድምፅ ሆነ። የሠራው ኪቦርድ የሚጫወትልን ልጅ ነው፤ መዝሙራችንን በሚያስተካክልበት በዚያው ሶፍትዌር። እኔም ሳቅኩ። እንዲያውም «እስቲ ድገመው» አልኩ።

ከኋላችን አንዲት እናት ነበሩ። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱን ጠርገው ለእሑድ አምልኮ የሚያዘጋጁ፣ ለብዙዎቻችን በጸሎት የደከሙ እናት ናቸው። መጨረሻው ላይ ደርሰው ሰሙና «ውይ፣ ምነው! ሰውዬው ጠጥተው ነው እንዴ ሕዝብ ፊት የሚናገሩት?» አሉ። ልጆቹ ይብሱን ሳቁ። «አይ እማማ፣ ድምፁን የለወጥነው እኛ ነን» ያላቸው የለም። እኔም አላልኳቸውም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ሙስሊም ጎረቤቴ ሱቁ በር ላይ አስቆመኝ። «ፓስተር፣ የእናንተ እማማ ለቅሶ ቤት ሆነው ሰውዬው ሰክረው ተናገሩ ሲሉ ሰማኋቸው። እርሳቸው ውሸት አያውቁም። እኔ ደግሞ ንግግሩን በቴሌቪዥን ተከታትዬዋለሁ፤ እንደዚያ አልነበረም። ነገሩ ምንድን ነው?» አለኝ።

የምመልሰው ጠፋኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሐሰት ያልተያዙ እናት በጎረቤት ፊት ሐሰተኛ ሆኑ። ሐሰቱ የእርሳቸው አልነበረም። የእኛ ነበር፤ የወጣውም ከጸሎት ቤታችን ነው።

«ቀልድ እኮ ነው»

ልጁን ለብቻው ጠርቼ ነገርኩት። ደነገጠ። ወዲያው ግን ሁላችንም የምናውቀውን መልስ ሰጠኝ፦ «ፓስተር፣ ቀልድ እኮ ነው!»

መጽሐፍ ቅዱስ ይህችን መልስ ያውቃታል። በምሳሌ 26፥18-19 ላይ ባልንጀራውን አታልሎ ሲያበቃ «ስጫወት ነው» የሚል ሰው፣ እሳትና ፍላጻ ከሚወረውር እብድ ጋር ተመሳስሏል። ጠቢቡ ሰውየው በእውነት እየቀለደ ነበር ወይስ አልነበረም ብሎ አይመረምርም። ምናልባት በእውነት እየቀለደ ይሆናል። ፍላጻው ግን የተወረወረበትን ያገኘዋል፤ የወርዋሪው ልብ ደስተኛ መሆኑ ቁስሉን አያጠብበውም።

እኔ ዛሬ የምከራከረው ከዚህች «ቀልድ እኮ ነው» ከምትል መሸሸጊያ ጋር ነው። ብዙ አማኞች፣ አንዳንድ አገልጋዮችም ጭምር፣ ተከልለውባታል። የፖለቲከኞችን ንግግር በሶፍትዌር እየለወጡ በቲክቶክና በቴሌግራም የሚለቁ፣ ከእነርሱም ተቀብለው ሼር የሚያደርጉ ወንድሞችና እህቶች በመካከላችን አሉ። እሑድ ይዘምራሉ፣ ሰኞ ይህን ያሰራጫሉ። ስትጠይቋቸው ቀልድ ነው ይሏችኋል።

ሶፍትዌሩ ምን ያደርጋል?

ነገሩን ሳናውቅ እንዳንፈርድ በአጭሩ ላስረዳ። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ የካሴት ዘመን ታስታውሳላችሁ። የቴፑ ባትሪ ሲደክም ዘማሪው ድምፁ ይጎተትና ይወፍር ነበር። ካሴቱ ሲፈጥን ደግሞ ድምፁ ይቀጥናል። ያኔ ፍጥነትና ቅጥነት የተሳሰሩ ነበሩ፤ አንዱን ነክተህ ሌላውን ማቆየት አትችልም። ስለዚህም የተነካካ ድምፅ ራሱን ያጋልጥ ነበር። የዛሬው ሶፍትዌር ሁለቱን ለያይቷቸዋል። ንግግሩን አዘግይቶ ውፍረቱን ባለበት መተው ይቻላል። ሰሚው የሚሰማው የተበላሸ ቴፕ አይደለም፤ የደከመ ወይም የሰከረ ሰው ነው።

ሌላው አውቶቱን የሚባለው ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው አንዲ ሂልደብራንድ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ሥራው ወደ ምድር የተላከ የድምፅ ሞገድን እየተነተነ ነዳጅ ያለበትን ቦታ ለማወቅ መርዳት ነበር። አውቶቱን የዘማሪውን ድምፅ ይለካና ከቃናው የወጣውን ወደ ቅርቡ ኖታ ይጎትተዋል። እውነቱን ለመናገር ዛሬ ከምትሰሙት መዝሙር ብዙው በዚህ ዓይነት መሣሪያ ያለፈ ነው። የእኛም መዘምራን ተጠቅመውበታል። መሣሪያውን አልኮንንም። በቢላ ሽንኩርት ይከተፋል፣ ሰውም ይወጋል።

ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ግሪጎሪ ብራዘርስ የሚባሉ የኒው ዮርክ ሙዚቀኞች በዚሁ አውቶቱን የአሜሪካ ፖለቲከኞችን ንግግርና የዜና አንባቢዎችን ድምፅ ወደ ዘፈን እየለወጡ ዓለምን አሳቁ። የዛሬዎቹ የቲክቶክ ልጆች፣ የእኛዎቹም ጭምር፣ የሚሠሩት የዚያን ተከታይ ነው።

በባለ ሥልጣን መሳቅ ኃጢአት ነውን?

ስለዚህ ጉዳይ ስንወያይ አንድ የተማረ ወንድም እንዲህ አለኝ፦ «ፓስተር፣ ድሃ በኃያል ላይ ከሳቅ ሌላ ምን መሣሪያ አለው? እርሱንም ልትነጥቁት ነው?»

ጥያቄው ከባድ ነው፤ አቃልዬ አላልፈውም። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ በበአል ነቢያት አላግጧል፤ አምላካችሁ ተኝቶ ወይም መንገድ ሄዶ ይሆናል እያለ (1ኛ ነገ. 18፥27)። በአገራችንም አዝማሪ በሰምና ወርቅ ጌታውን ሸንቁጧል። «እረኛ ምን አለ?» ብሎ የጠየቀ ገዢ፣ ሕዝቡ ከጀርባው ምን እንደሚል ለማወቅ ፈልጎ ነው። በሳቅ የማይነካ ሥልጣን ራሱን ጣዖት ያደርጋል።

ሌላም ምሳሌ ልጨምርላቸው። በየካቲት 2011 እ.ኤ.አ. ሙአመር ጋዳፊ በቴሌቪዥን ቀርበው የተነሣባቸውን ሕዝብ ቤት ለቤት፣ ጥጋጥግ ለጥጋጥግ እንደሚያጸዱ ዛቱ። ኖይ አሉሼ የተባለ እስራኤላዊ ጋዜጠኛና ሙዚቀኛ ያንን ዛቻ በአውቶቱን አቃኝቶ «ዘንጋ ዘንጋ» የሚባል የጭፈራ ዘፈን አደረገው። ከተቃዋሚዎቹ ወገን ብዙዎች ወደዱት። የሚያስፈራቸው ሰው ለአፍታ የሚያስቅ ሆነላቸው። እኔ በዚያ ሳቅ ላይ ድንጋይ አላነሣም።

እንግዲያስ ልዩነቱ የት ላይ ነው? አንዲት ፈተና ልስጣችሁ። ሰሚው ድምፁ እንደተለወጠ ቢያውቅ ሳቁ ይቀራል ወይስ ይቀጥላል? «ዘንጋ ዘንጋ»ን የሰማ ሰው ጋዳፊ በእውነት ዘፈኑ ብሎ አያምንም። ያውቃል፤ እያወቀም ይስቃል። ይህ ቀልድ ነው።

አሁን ሌላውን ተመልከቱ። በግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ናንሲ ፔሎሲ ያደረጉት ንግግር ወደ ሦስት አራተኛ ገደማ ፍጥነት ተጎትቶ ተለቀቀ። ድምፃቸው እንዳይወፍርና ነገሩ እንዳይታወቅም ተስተካከለ። በማኅበራዊ ሚዲያ በሚሊዮን ለሚቆጠር ጊዜ ታየ፤ ብዙዎችም ሴትዮዋ ሰክረዋል ብለው ጻፉ። አንድ ቃል አልተጨመረም። ያ ሳቅ የቆመው ሰሚው ባለማወቁ ላይ ብቻ ነበር። ሰሚው ባወቀ ጊዜ የሚሞት ሳቅ ቀልድ አይደለም፤ በባልንጀራ ላይ የተነገረ የሐሰት ምስክርነት ነው። ዘጠነኛው ትእዛዝ (ዘጸ. 20፥16፤ በእኛ አቆጣጠር ስምንተኛ የምትሉም አላችሁ) «ከፖለቲከኞች በቀር» የሚል ሐረግ የለውም።

አዝማሪውንም እንደገና እዩት። በራሱ ፊት፣ በራሱ ጉሮሮ ቆሞ ይናገራል። ጌታው ቢቆጣ የሚገረፈው እርሱ ነው። የሰው ድምፅ የሚያስመስል ኮሜዲያንም እንደዚሁ ፊቱ ከፊታችን ነው፤ ማን እየተናገረ እንደሆነ እናውቃለን። ድምፅ ለዋጩ ግን ራሱ አይታይም። በሌላው ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ይናገርና ዕዳውን ለባለ ጉሮሮው ይተዋል። በገዢ መሳቅ ካሻችሁ በራሳችሁ ጉሮሮ ሳቁ።

«አንድ ቃል አልጨመርኩም»

ሁለተኛዋ መሸሸጊያ ይህቺ ናት። ልጃችንም ብሎኛል፦ «የራሳቸው ቃል ነው እኮ!»

አማርኛ ለሚናገር ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። «ቆይ» የምትል ቃል ውሰዱ። ለስለስ አድርጋችሁ ብትሏት «ጥቂት ጠብቀኝ» ማለት ነው። ጥርስ ነክሳችሁ ብትሏት ዛቻ ናት። «አይዞህ»ም እንደዚያው፤ በለቅሶ ቤት መጽናኛ ናት፣ በጠብ መሐል «አይዞህ፣ ታገኛታለህ» ትሆናለች። ፊደሉ አንድ ነው፣ ትርጉሙ ሁለት። ስለዚህ ቃናን የለወጠ ሰው ንግግሩን ለውጧል፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም ማለት አያድነውም።

ወደ ጌታችን መከራ እንምጣ። በማቴዎስ 27፥27-31 ወታደሮቹ ቀይ ልብስ አልብሰው፣ የእሾኽ አክሊል ደፍተው፣ በፊቱ ተንበርክከው በንጉሥነቱ ሰላምታ ሰጡት። ቃላቸውን በወረቀት ብትጽፉት እውነት ነው፤ እርሱ በእርግጥ ንጉሥ ነው። ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ይህንኑ ትመሰክራለች። ያንን ቃል ስድብ ያደረገው ቃናው ብቻ ነው።

በሸንጎውም ፊት የቀረቡበትን ምስክሮች አስታውሱ። ኢየሱስ በዮሐንስ 2፥19 ላይ እናንተ ይህን ቤተ መቅደስ ብታፈርሱ እኔ በሦስት ቀን አነሣዋለሁ የሚል ነገር ተናግሮ ነበር፤ ስለ ሰውነቱም ነበር የሚናገረው። ምስክሮቹ በማቴዎስ 26፥61 አፍራሹን እርሱን አደረጉት። የተነካችው ትንሽ ነገር ናት፤ የተከሰሰው ግን በእርስዋ ነው። ጌታችን በተነካካ ንግግር የተከሰሰ ጌታ ነው። የእርሱ ደቀ መዝሙር የሌላውን ሰው ንግግር ሲነካካ እጁ ሊንቀጠቀጥ ይገባል።

የሙሴ ምላስ፣ የጴጥሮስ አነጋገር

አንዳንዱ ቪዲዮ ደግሞ ከዚህም ይከፋል። ፍጥነቱን ወይም ዜማውን ትቶ የሰውየውን የአነጋገር ዘዬ ያጋንናል፤ በአማርኛው ውስጥ የሚሰማውን የኦሮምኛ፣ የወላይትኛ፣ የሶማልኛ ወይም የትግርኛ ቅላፄ እያጎላ ያስቃል። ሁሉም ቀልድ መሆኑን ያውቃል፤ ስለዚህ ከላይ የሰጠኋችሁን ፈተና ያልፋል። ሆኖም ይህ ሳቅ ሰውየው በሠራው ነገር ላይ አይደለም፤ በተወለደበት ቤት ላይ ነው።

እኔ የጨርጨር ልጅ ነኝ። አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ነው። ወጣት ሳለሁ ለነገረ መለኮት ትምህርት ወደ ኮሌጅ ስገባ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሜ ስሰብክ ከኋላ ወንበር ሳቅ ሰማሁ። ስብከቴ ስሕተት ኖሮበት አልነበረም። ቃል የምጥልበትና የማነሣበት ቦታ ነበር ያሳቃቸው። ለወራት በክፍል ውስጥ እጄን አላወጣሁም። ያን ጊዜ ያቆመኝ ዘጸአት 4፥10 ነው፤ ሙሴም አፉ እንደሚከብድ፣ ምላሱ እንደማይፈታለት ለእግዚአብሔር ተናግሮ ነበርና። የእግዚአብሔርም መልስ ቅላፄውን አልነካም፤ አፍን የፈጠረ እርሱ መሆኑን አስታወሰው። ጴጥሮስንም በሊቀ ካህናቱ ግቢ የገሊላ አነጋገሩ ነው ያጋለጠው (ማቴ. 26፥73)። የመጀመሪያዎቹ የወንጌል ሰባኪዎች ከተማዎቹ የሚስቁበት አነጋገር የነበራቸው ሰዎች ነበሩ።

በመሳፍንት 12 ደግሞ ነገሩ ከሳቅ አለፈ። በዮርዳኖስ መሻገሪያ «ሺ» ማለት ያልቻለ ኤፍሬማዊ ተገደለ፤ መጽሐፉ 42,000 ሰዎች ወደቁ ይላል። በአንዲት ድምፅ! እኛም ሰው በቋንቋው ሲለይ ምን እንደሚከተል አናውቅም ማለት አንችልም። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. በዚሁ በምዕራብ ሐረርጌ በሐዊ ጉዲናና በዳሮ ለቡ ወረዳዎች በኦሮሞና በሶማሌ ወገኖቻችን መካከል በተነሣው ግጭት የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል። ይህን የሆነው በቀልድ ነው አልልም። ነገር ግን ይህ ዞን ቁስሉ ያልዳነ ዞን ነው። በሂርና ገበያ በአንድ ማለዳ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ሶማልኛ ይሰማል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ የሚያልፈው መንገደኛም ወሬውን ይዞ ያልፋል። እንዲህ ባለ ስፍራ በሰው ምላስ ላይ የሚቀልድ አማኝ በደረቅ ሣር መሐል ክብሪት ይዞ ይጫወታል።

ሳልስቅበት የቀረሁት

እነዚያው ልጆች ሌላ ቪዲዮም አሳይተውኛል። የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ንግግር ነው፤ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ፣ ከበሮ ገብቶበት። ልጆቹ ቃሉን በቃላቸው ይዘውታል፣ ይጨፍሩበታል። እኔ አልሳቅኩም። ለምን እንዳልሳቅኩ ግን አልገባቸውም፤ ልፈርድባቸውም አልችልም። መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ጥለው ሲወጡ እነርሱ ገና አልተወለዱም።

እኔ ያን ድምፅ ያወቅኩት በአባቴ ሬዲዮ ነው። ድምፁ ሲመጣ አባቴ ሬዲዮኑን አይዘጋም፤ መዝጋት ያስፈራ ነበር። ድምፁን ዝቅም አያደርገውም፤ ያም ያስፈራ ነበር። እኛን ልጆቹን ብቻ በዓይኑ ዝም ያሰኘን ነበር። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አብዮት አደባባይ ደም መሳይ ነገር የተሞሉ ጠርሙሶች ሲሰበሩ፣ ሕፃን ስለነበርኩ አላስታውሰውም፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አገሩ ሁሉ ያስታውሳል። በስንት ከተማ የወንጌል አማኞች ጸሎት ቤቶች ታሸጉ፣ በስንት ጓዳ በሹክሹክታ ተዘመረ! የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

ልጆቼ ሆይ፣ በአምባገነን አትሳቁ አልላችሁም። የሊቢያ ሰው «ዘንጋ ዘንጋ»ን ሰምቶ ሲስቅ ዛቻውን በዚያው ሳምንት በራሱ ጆሮ ሰምቶት ነበር። የሚስቅበትን ያውቃል። እናንተ ግን የምታውቁት የተለወጠውን ብቻ ከሆነ፣ ድምፁን የቀየረው ሶፍትዌር የአባቶቻችሁንም ፍርሃት አብሮ ሰርዞታል። መጀመሪያ ያልተነካካውን ስሙ። ቤታችሁ ያሉትን አረጋውያን «ይህን ስትሰሙ ምን ተሰማችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ በኋላም መሳቅ ካማራችሁ ሳቁ።

ከዚህ ማን ይጠቀማል?

አሁን ደግሞ «ድሃ ከሳቅ ሌላ መሣሪያ የለውም» ላለኝ ወንድም የምመልሰው አለኝ። በሐሰት የተነካካ ድምፅ በመጨረሻ የሚያገለግለው ማንን ነው? ኃያሉን ነው።

በ2013 ዓ.ም. በምርጫው ሰሞን የጠቅላይ ሚኒስትሩ ድምፅ ነው የተባለ ቅጂ ተሰራጨ፤ ጽሕፈት ቤታቸውም የተለያዩ ንግግሮች ተቆራርጠው የተገጣጠሙበት ሐሰተኛ ቅጂ ነው ብሎ አስተባበለ። በጎረቤታችን በሱዳን ደግሞ የቀድሞው መሪ የኦማር አል በሽር ድምፅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመስሎ በቲክቶክ ሲሰራጭ እንደነበር በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ቢቢሲ አጋልጧል። እንዲህ ያለው ነገር እየበዛ ሲሄድ ሕዝቡ ምን ይማራል? የትኛውንም ድምፅ አለማመን ይማራል። ያኔ አንድ ባለ ሥልጣን በእውነት ክፉ ቃል ቢናገርና የተበደለ ሰው በስልኩ ቀርጾ ቢያመጣው፣ ባለ ሥልጣኑ «ተቀነባብሮ ነው» ብሎ በአንድ ቃል ያመልጣል። ስንቀልድ የሰነበትነው እኛ ማምለጫውን አበጅተንለታል። ድሃው የነበረችው ማስረጃም ከእጁ ትወድቃለች።

ታዲያ ፖሊስ ይጠራ እያልኩ አይደለም። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በአገራችን አለ፤ ሥራውን ለሕግ ሰዎች እተዋለሁ። የመንግሥት ሰይፍ ከባድ ነው፤ ሐሰተኛውን ሊመታ ተነሥቶ እውነተኛውን ቀልደኛ ሊያገኘው ይችላል። እኔ የምናገረው ለቤተ ክርስቲያን ነው። በመንፈስ ቅዱስ ልትገዛ የሚገባት ምላስ የወረዳ ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ መጠበቅ የለባትም። ጳውሎስ ሊቀ ካህናቱን በቁጣ በተናገረ ጊዜ ማንም አላሰረውም፤ ራሱ ቃሉን ጠቅሶ ራሱን መለሰ (ሐዋ. 23፥1-5)። የተሳደበውም ያለ ፍትሕ ያስመታውን ሰው ነበር!

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በ2ኛ ተሰሎንቄ 2፥2 ላይ ጳውሎስ ከእርሱ የተላከ በሚመስል መልእክት እንዳይናወጡ ምእመናኑን ያስጠነቅቃል። በዚያው መልእክት መጨረሻ (3፥17) በገዛ እጁ ሰላምታ ይጽፍና ይህ የመልእክቶቹ ምልክት መሆኑን ይነግራቸዋል። በስሙ የሚናገሩ አስመሳዮች በእርሱም ዘመን ነበሩ። እርሱ ምልክት አደረገ፤ እኛም እንዲሁ ማድረግ እንችላለን።

1. የሰውን ንግግር ለውጣችሁ ከሠራችሁ፣ ድምፁ መለወጡን በቪዲዮው መጀመሪያ ላይ በግልጽ ተናገሩ፣ ስማችሁንም አስቀምጡ። ይህን ስታደርጉ ቀልዱ ከሞተ፣ ቀድሞውንም ቀልድ አልነበረም።

2. የላከላችሁ ወንድም ቢሆንም፣ ያልተነካካውን ሳትሰሙ ሼር አታድርጉ። የመጀመሪያውን ማግኘት ካልቻላችሁ በእናንተ ዘንድ ይቅር።

3. በማንም ሰው ቅላፄ አትሳቁ። ሌላው ሲስቅ አብራችሁ አትሳቁ፤ «እኔም እንደዚህ ነው የምናገረው» በሉ።

4. በድምፁ ስለሳቃችሁበት መሪ ስሙን ጠርታችሁ ጸልዩ (1ኛ ጢሞ. 2፥1-2)። የምትቃወሙትም ቢሆን። ስለ አንድ ሰው በእውነት የጸለየ አማኝ ያንን ሰው ሊቃወመው ይችላል፤ ሐሰት ግን ሊያለብሰው አይችልም።

ወደ እማማ ልመለስ። ልጁና እኔ አብረን ቤታቸው ሄደን ነገሩን ነገርናቸው፤ ይቅርታ ጠየቅን። ዝም ብለው አዳመጡን። ከዚያ ልጁን ተመልክተው «ልጄ፣ እኔ እኮ ሦስት ቤት ተናግሬዋለሁ። ሦስቱንም ሄጄ ልመልስ ነው?» አሉት። ልጁ «አብሬዎት እሄዳለሁ» አለ። በማግስቱ እርሳቸው በዱላቸው፣ እርሱ ከጎናቸው ሆነው ሦስቱንም ቤት ዞሩ፤ በየቤቱ የተናገረው ልጁ ነው። እኔም ወደ ጎረቤቴ ሱቅ ሄጄ «የሳቅኩት እኔም ነኝ፣ ያላረምኩትም እኔ ነኝ» አልኩት። አመሰገነኝ።

ማታ እማማ አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ «ፓስተር፣ የለቅሶ ቤቶቹንስ ማን ይሰበስባቸዋል? ከየገጠሩ የመጡ ነበሩ፣ ተበትነዋል።» ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ይህን የምጽፈው ምናልባት ከእነርሱ አንዱ ጋር ቢደርስ ብዬ ነው። የሰማችሁት ሐሰት ነው። ሰውዬው አልሰከሩም። እማማም አልዋሹም። የዋሸነው እኛ ነን።

አቤቱ፣ ለአፋችን ጠባቂ አኑር፤ በእጃችን ላለው ስልክም ጭምር። አሜን።

ጸጋው ከሁላችሁ ጋር ይሁን።